ከራስ እስከ እግር

የቅባት ሻጯ ጣቶች መድኃኒት ቅባቱን በየብልቃጡ እየሞሉ ነው። በናዝሬት መናኸሪያ፣ ከራስ ምታት እስከ እግር ቁርጥማት የሚያድነውን ሁሉ የዘረዘረችበት ካርቶን ከፊቷ ቆሟል። አጠገቧ ያው ቅባት የሚሸጠው ጎረቤቷ «ለወገብ!» ብቻ እያለ ይሸጣል። እሷ ዘንድ የሚቆሙት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለዩ ጎልማሶች ናቸው፤ ንባብ ሊለማመዱ። ዛሬም አንዱ ጣቱን በካርቶኑ ላይ እየጎተተ ገዢዎቿን ጋረዳቸው።

«ጓድ፣ ገና ወገብ ላይ ነህ፤ እግር ይቀርሃል!» አለ ጎረቤቷ። ሰዉ ሳቀ። የወለንጪቲ አውቶቡስም ሞልቶ፣ ገዢዎቿን ይዞ ወጣ።

«እታለም፣ በዚህ ካርቶን ፈተናውን አልፋለሁ!» አላት አንባቢው።

ልጆቿ ትናንት ጦማቸውን አድረዋል።

«ወንድሜ፣ ሳትሄድ መጨረሻዋን ቃል ጮክ ብለህ አንብብልኝ፤ ‹ግዙ› የምትለዋን።»