ለቢንቢ የተዘረጋ ክንድ

ድሬዳዋ በተመደብኩበት ዓመት ሥራዬ ከዕፅዋት የተሠራ የቢንቢ ማባረሪያ መሞከር ነበር። የኒም ዛፍ ወይም የጠጅ ሳር ዘይት በፈቃደኞች ክንድ ላይ እቀባለሁ፤ እነሱም ክንዳቸውን መረብ ወደተወጠረበት ሳጥን ያስገባሉ። ሳጥኑ ውስጥ እዚያው ያራባናቸው፣ በሽታ የሌለባቸው ቢንቢዎች አሉ። አንዷ እስክትነክስ አብረን እንቀመጣለን። በከተማው ዘመድ ስላልነበረኝ ከሰው ጋር የማወራው ያኔ ብቻ ነበር።

ከፈቃደኞቹ አንዱ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። መጀመሪያ «አንቱ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«አቦ፣ እዚህ አንቱ የለም፤ አንተ በይኝ።»

አፌ እምቢ አለኝ።

ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። ዘይቱን ስቀባቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን የላስቲክ ጓንቴን አይተው «ይሄን ማውለቅ አይቻልም?» አሉኝ።

«የእኔ ጠረን ከዘይቱ ጋር እንዳይቀላቀል ነው።»

«ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው የለም» አሉ። «ወላሂ፣ ለቢንቢው ብዬ አይደለም የምመጣው።»

እኔም ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ማንም አቅፎ እንዳልሳመኝ ትዝ አለኝ፤ ግን አልነገርኳቸውም።

ዘይቱ አልሆነልንም። ጠረኑ እንደተነነ ቢንቢዎቹ ክንዱ ላይ ይሰፍራሉ። ድብልቁን ደጋግመን ብንቀያይርም ለውጥ ስላልመጣ አለቃዬ ሙከራውን አቆመ።

ለአዛውንቱ ሙከራው መቆሙን ነገርኳቸው። እንደዚያም ሆኖ በሚቀጥለው ሳምንት እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። በሩን ቆልፌ ከእሳቸው ጋር ወጣሁና ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እዚያ ተገናኘን፤ ስለ ባቡሩ ያወሩኛል፣ እኔ እሰማለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ልጃቸው ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወዳለው መልካ ጀብዱ፣ እሷ ቤት ወሰደቻቸው። በበዓል ቀን ልጠይቃቸው ሄድኩ። የልጅ ልጆቻቸው ትከሻቸው ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ፊታቸው ሞልቶ ነበር። ለቤተሰቡ «እጄን ለቢንቢ ያበላችው ይህቺ ናት!» ብለው ሲያስተዋውቁኝ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። «ተመልሰሽ ነይ፣ ልጄ» አሉ።

እሺ አልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ለእሳቸው እውነት ደስ አለኝ፤ ከተማው እስክንደርስ ግን እንባዬን ማቆም አቃተኝ።