በልኬ የመጣው የጎማ ልብስ

ለቀዝቃዛ ውኃ የሚለበስ የጎማ ልብስ ሲመረጥ ዋናው ነገር መጥበቁ ነው። ይህን በደንብ አውቅ ነበር፤ አውቄም ሰፊውን መረጥሁ። ዕድሜ የስንቱን አለቃዬን ስም አስረስቶኛል፣ ያችን ቅዳሜ ግን ልቤ አልለቃት አለ።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት መጨረሻ አካባቢ ነበር። ከጤና ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ ሳኒታሪያን ሆኜ ቢቸና ተመደብሁ። ሥራዬ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ምንጭ ማስጠበቅ፣ የሥጋ ቤቱንና የጠጅ ቤቱን ንጽሕና መቆጣጠር ነበር። ሰው አከበረኝ፤ አክብሮቱ ግን ከሩቅ ነው። ገና ከመንገዱ ማዶ ሲያዩኝ ተነሥተው እጅ ይነሡኛል፣ ግባና ቅመስ የሚለኝ ግን አልነበረም። ምን ያድርጉ፤ ገና ከመቀመጤ ጓሯቸውን ዞሬ የማይ መሰላቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ በየዘመዱ ቤት ሲገባ እኔ ወደ ተከራየኋት ክፍሌ እመለስና በሩን ከፍቼ መንገዱን አያለሁ። በዚያ መንገድ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ አጥንቼ ጨርሼ ነበር።

ያደግሁት ምጽዋ ነው። አባቴ የወደብ ጸሐፊ ስለነበር ዋና የተማርሁት ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ነው። የምጽዋ ባሕር ሞቃት ነው፤ የፈለገህን ያህል ብትቆይበት አያስቸኩልህም። ሆድ ሲብሰኝ ባሕር እገባ ነበር፣ ስወጣ ግማሹ ይቀልልኛል። ቢቸና ላይ ሆድ የሚብስበት ቀን በዛና ውኃ ፍለጋ ወጣሁ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁል ተሂዶ፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ወንዝ ገደል ሥር ቋጥኝ ከቦት የሚተኛበት ጥልቅ ቦታ አገኘሁ። ልብሴን አውልቄ ዘልዬ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቂት ጊዜ በደንብ አላስታውሰውም፤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ቋጥኙ ላይ ተጣብቄ ነው ራሴን ያገኘሁት።

በዚያ አገር ሰው ውኃ የሚገባው ለጠበል ነው፣ ወይም ሊሻገር፣ ወይም ልብስ ሊያጥብ። ደስ ይለኝ ብሎ የሚገባ የለም። ወዲያ ማዶ ልብስ ትደበድብ የነበረች ሴት ሥራዋን ትታ ምን አሞኝ እንደሆነ በሐዘኔታ ጠየቀችኝ። ደኅና ነኝ ብላት አላመነችኝም። ለዚህ ለዚህ የሚሻል ጠበል በየት በኩል እንዳለ አመልክታኝ ሄደች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ስወርድ ቦታው ተይዞ አገኘሁት። በሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምረው ፈረንጅ ነበር፤ ረጅም፣ ጢሙ የበቆሎ ጸጉር የመሰለ ሰው። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። ከእግር እስከ አንገቱ ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሶ ጀርባውን ሰጠኝና ዚፑን እንድስብለት ለመነኝ። ዚፑ ከወገቡ ተነሥቶ ማጅራቱ ላይ የሚያልቅ ስለሆነ ለብቻው አይደርስበትም፤ እስከዚያ ቀን በሲባጎ እያሰረ ሲታገለው ነበር የቆየው። ሳብሁለት። ገባና ግማሽ ሰዓት ያህል ዋኘ። እኔ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቻልሁም።

ወዳጅነታችን እንዲህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወርዳለን፤ ዚፑን እስብለታለሁ፤ ለጥቂት ደቂቃ አብሬው ገብቼ እወጣና ጋቢዬን ተከናንቤ ቋጥኙ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ስንመለስ አቀበቱን እያለከለክን እናወራለን። አማርኛው በመጽሐፍ የተማረው ስለሆነ ቀስ ብሎ፣ ቃል ሳያጎድል ነው የሚናገረው። ያደገው ባሕሩ እንደዚህ ወንዝ በሚቀዘቅዝበት አገር ነበር። እውነቱን ለመናገር የሳምንቱን ስድስት ቀን የምገፋው ያችን ሰባተኛዋን እያሰብሁ ነበር።

ልብሱ እንዴት እንደሚያሞቅ ያስረዳኝ እሱ ነው። እኔ ውኃ ጭራሽ የማያስገባ መስሎኝ ነበር። እንዲያ አይደለም፤ ትንሽ ውኃ ይገባል። ልብሱ ከገላ ከተጣበቀ ያ የገባው ውኃ መሄጃ ያጣና በሰውየው ሙቀት ይሞቃል፣ ሰውየውም በዚያው በራሱ ሙቀት ይቆያል። ልብሱ ከሰፋ ግን የሞቀው በአንገት ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በእጅጌ ይገባል፤ ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ወንዙን ስታሞቅ ትውላለህ አለኝ። ስለዚህ ሲመረጥ ብብት ሥር፣ ወገብ ላይና ማጅራት ላይ ክፍት እንዳይኖር ማየት ነው። ሲለብሱት ካላስቸገረ ልክ አይደለም።

ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና እኔ ጭራሽ መግባት ተውሁ። አንድ ቀን ዘወር ብሎ ቋጥኙ ላይ አየኝና ለአገሩ ሰዎች ጽፎ የጎማ ልብስ እንደሚያስመጣልኝ ነገረኝ። ሞጣ ለሚያስተምር የአገሩ ልጅም አብሮ ያስመጣለታል። እኔም እንደ ደንቡ ኧረ ለምን ትቸገራለህ አልሁ። ልቤ ግን ያን ጊዜውኑ ውኃው ውስጥ ነበር።

ጥር ላይ ጥቅሉ ደረሰ። ቅዳሜ ቤቱ ጠራኝና ሁለቱን ልብሶች አልጋው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። አንዱ አነስ ያለ፣ አዲስ፣ ገና የሱቅ ሽታው ያልለቀቀው ነው። ሌላው ሰፊ፣ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈበት፣ ሌላ ሰው የለበሰው። ሁለቱንም ለካሁ። አነስ ያለው እየታገልሁ ነው የገባልኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። ከኋላዬ ሆኖ ዚፑን ሲስብልኝ ግን ከቆዳዬ ጋር አንድ ሆነ። እጄን ሽቅብ ሰቀልሁ፣ ቁጢጥ አልሁ፣ የትም ቦታ አልተነሣም። ሰፊው ብብቴ ሥር ጡጫ ያስገባል፤ ዚፑንም ማንም ሳይረዳኝ ራሴ ዘጋሁት።

“የትኛውን ትፈልጋለህ? መጀመሪያ አንተ ምረጥ” አለኝ።

እናቴ ያሳደገችኝ አንድ ነገር ደጋግማ እየነገረችኝ ነው። ሁለት ነገር ቀርቦልህ ምረጥ ከተባልህ እጅህን ወደ ደኅናው አትዘረጋም። ዝቅ ያለውን ታነሣለህ፤ አቅራቢው በሞቴ ብሎ ይቀማህና ደኅናውን ያስይዝሃል። አንተ እምቢ ትላለህ፣ እሱ ይምላል፣ በሦስተኛው ትቀበላለህ። እንዲህ ሲሆን ነው ሰጪም ተቀባይም ደስ የሚላቸው። አዲሱ ልብስ ለሌላው ሰው ሊደርስ ሲችል እኔ አንስቼው ብሄድ ምን ዓይነት ሰው እባላለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ።

“ይሄ ሰፊው ይበቃኛል” አልሁ።

ሁለቱን ልብሶች አየ፣ እኔን አየ። “እርግጠኛ ነህ?” አለኝ።

“ኧረ በቂዬ ነው። አዲሱ ለሞጣው ሰው ይሁን።”

ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ቆምሁ። እሱ ግን እሺ ብሎ አዲሱን በጥንቃቄ አጠፈና ወደ ወረቀቱ መለሰው። ወረቀቱን በገመድ ሲያስር እንኳ አሁን ይፈታዋል እያልሁ እጁን አይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰፊውን ለብሼ ገባሁ። እንዲሞቀኝ ብዬ ከሥሩ ሹራቤን ደርቤ ነበር፤ በእኛ አገር ብርድ የሚከለከለው በመደራረብ ነዋ። ውኃው በአንገቴ ገብቶ ሆዴ ላይ ተጠራቀመ፣ እጅጌዎቼ እንደ ስልቻ ተነፉ፣ ሹራቡ ወደ ታች ይጎትተኝ ጀመር። በቋጥኙ ተንጠላጥዬ ወጣሁ። እንዴት ነው ሲለኝ በጣም ተስማምቶኛል አልሁት። አንዴ የመረጥሁትን አይሆነኝም ማለት ያኛውን ስጠኝ ማለት መሰለኝ፤ ያኛው ደግሞ ሞጣ ሄዷል።

ልብሱን ገበያው ዳር ወዳለው ልብስ ሰፊ ወሰድሁትና እንዲያጠብልኝ ለመንሁት። ሰውየው ጎማ ሰፍቶ ባያውቅም ተጠበበበት። ቁርጥ አድርጎ ከገላ ጋር እንዲያጣብቀው ሦስት ጊዜ ነገርሁት። ሲመልስልኝ ግን ዙሪያውን አራት ጣት አስተርፎለታል። ሰው ይወፍራል፣ ልብስም ሲታጠብ ያጥራል፣ በኋላ እንዳይቆጭህ ብዬ ነው አለኝ። አመሰገንሁት። ያን ጊዜም እኮ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ ማለት ጀመርሁ። የሌለ ምንጭ ልቆጣጠር ወጣሁ፣ ያልተቆፈረ ጉድጓድ ልለካ ሄድሁ። እቤቴ በሩን ዘግቼ ተቀምጬ እሱ በመንገዱ ሲያልፍ ኮቴውን እሰማለሁ፤ በር ላይ ትንሽ ይቆምና ያልፋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማለፉም ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ይሄዳል አሉኝ። ልኩን የለበሰ ዋናተኛ አገኘ ብዬ ቀናሁ፤ ቅናቴን ደግሞ ኩራት አለበስሁት።

አንድ ቀን ፖስታ ቤት በር ላይ ተገናኘን።

“በድዬሃለሁ?” አለኝ፤ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ።

“ኧረ ምን በደልኸኝ። ሥራ ነው።”

ያልሁትን አመነ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አገሩ ገባ። ሊሰናበተኝ ቤቴ መጥቶ ነበር፤ አጋጣሚ ሆኖ ያን ቀን በእውነት ሥራ ላይ ነበርሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። የተከራየሁት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ አንዲት እማሆይ ግቢ ውስጥ ነው። ገና ዕቃዬን ሳላራግፍ፣ ከእኔ በፊት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ፈረንጅ መምህር ትቶት የሄደ ነገር እንዳለ ነገሩኝና ወደ ጎተራው ወሰዱኝ። ከምሰሶው ላይ አይጥ እንዳይደርስበት ከፍ ተደርጎ ተሰቅሏል። ገና ከሩቅ አወቅሁት። እማሆይ የሐዘን ልብስ መስሏቸው እንደነበር፣ በየጊዜውም አቧራውን በደረቅ ጨርቅ እንደሚያብሱት አጫወቱኝ።

ለምን ትቶት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ።

“አንድ ቀንም አልለበሰው፤ አይገባውም። እሱ ግንድ የሚያክል ሰው” አሉኝ። “ለሌላ ሰው ልክ የመጣ ነው። ቢቸና ያለው ጓደኛው ለአንድ ወዳጁ ሲል አስመጥቶት፣ ሰውየው አልወደደውም። ምናልባት ሐሳቡን ለውጦ ቢጠይቅ ብለው እዚህ አስቀመጡት።”

 ሰፊው ለሞጣው ሰው፣ አዲሱ ለእኔ ነበር የመጣው። ምረጥ ያለኝ እንግዳ ይቅደም የሚለውን የእኛን ወግ ተምሮ ኖሯል። ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ምን ይሠሩ ነበር፣ አይዋኙም ወይ አልኋቸው።

“ምን ይዋኛሉ! ያ የቢቸናው እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል እንጂ። አንድ ሁለት ቃል ያወራል፣ ዝም ይላል። ሰው የራበው ልጅ ነበር፤ ያሳዝነኝ ነበር።”

ልብሱን አልወደደም የተባለው ሰው እኔ ነኝ አላልኋቸውም። ክፍሌ ገብቼ ያልተፈታው ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥሁ። ቢቸና ውስጥ ብቸኝነት የሚያጠቃው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር የኖርሁት።

በመጣው ቅዳሜ ልብሱን ይዤ ከሞጣ በታች ወዳለው ወንዝ ወረድሁ። እየታገልሁ ለበስሁት። ብብቴ ሥር፣ ወገቤ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ አየሁት፤ የትም ክፍት የለውም። እጄን ወደ ኋላ ልኬ ዚፑን ያዝሁና ወደ ላይ ሳብሁት። እስከ ጀርባዬ መካከል መጣ፤ ከዚያ በላይ እጄ አልደረሰም። በቀኝ ሞከርሁ፣ በግራ ሞከርሁ፣ ቋጥኙን ተደግፌ ሞከርሁ። ወዲያ ወዲህ አየሁ፤ ማንም የለም። እኔ ከቀረሁ በኋላ የእሱን ዚፕ ማን ይስብለት እንደነበር ያን ጊዜ ገና ማሰቤ ነው። ጀርባዬ እንደ ተከፈተ ውኃው ዳር ተቀመጥሁና አለቀስሁ።