ለዓይን የተሰጠ የጥርስ መድኃኒት

አጎቴን ጋሼ ታፈሰን ደብረ ብርሃን ዓይን ሐኪም ዘንድ ለማድረስ ማክሰኞ ጠዋት ከሞላሌ ተነሣን። ገብስ ሲያዘሩ ገለባ ግራ ዓይናቸውን ከወጋቸው ሳምንት ሆኗል። ዓይናቸው አብጦ መግል ይዟል፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቷል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን አውድማ ላይ የቀረው ምርት ነው።

አውቶቡስ ውስጥ

ጣርማ በር ሳንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የጡት ወተት ያዛል፣ ሌላው ጤና አዳም። ከኋላችን የተቀመጡ ሴት ከቦርሳቸው ቀይና ቢጫ እንክብል አወጡ።

«ከባለቤቴ ሳል የተረፈ ነው፤ ይዋጡት።»

ጋሼ እጃቸውን ሲዘረጉ ያዝኳቸው። ደብረ ብርሃን እስክንገባ አኮረፉኝ።

ሐኪሟ ዘንድ

ወጣቷ ሐኪም ዓይናቸውን በመብራት አየችና «እስካሁን ምን አደረጉበት፣ አባቴ?» አለች።

«እንክብል ዋጥኩ። አንዱንም ከፍቼ ዱቄቱን ዓይኔ ላይ ነሰነስኩት፤ በሆድ ዞሮ እስኪመጣ እንዳይዘገይ ብዬ።»

«ስንት ቀን ዋጡ?»

«ሁለት ቀን። ሻል ሲለኝ የቀረውን ለጎረቤቴ ለጉልበቱ ሰጠሁት።»

«ማን አዘዘልዎት?»

በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቺ። ከጥርሷ የተረፈ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሟ ግን አልተቆጣችም፤ ከቁስሉ ናሙና ወስዳ ላብራቶሪ ላከች፣ ጠብታም አዘዘች። በሦስተኛው ቀን ውጤቱ ሲመጣ ጠብታው ለዚህ ጀርም እንደማይሠራ ታወቀ።

«መድኃኒቱን ተላምዶታል» አለች። «በየቤቱ ያለ ትእዛዝ እየተጀመረ የሚቋረጠው ነው የሚያለማምደው። ሌላ እንሞክራለን፤ እሱም እምቢ ካለ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።»

ያን ቀን ጋሼ ስለ ገብሱ ሳያነሡ ዋሉ።

በየሰዓቱ

አዲሱ ጠብታ በየሰዓቱ ነው። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ጋሼ ባሉበት ቆመው ሽቅብ ያንጋጥጣሉ። አንድ ቀን እዚያው ደብረ ብርሃን ገበያ መሀል ሲያንጋጥጡ አራት መንገደኞች ቆመው አብረዋቸው ሰማይ ሰማዩን ያዩ ጀመር።

«ምንድን ነው የሚታየው?» አለ አንዱ።

«እኔንጃ» አሉ ጋሼ እንዳንጋጠጡ፣ «እኔ አይታየኝም።»

ሞላሌ

በአሥራ አምስተኛው ቀን ተመለስን። መግሉ ደርቋል፣ ዓይኑም ተርፏል፤ ነጩ ጠባሳ ግን አልለቀቀም። ቤቴ የተጠራቀመውን የመድኃኒት ትራፊ ሁሉ ሰብስቤ ለጤና ጣቢያው አስረከብኩ። ለካ ማዘንና ማዘዝ ለየቅል ናቸው፤ እኔ አንዱን ሳውቅ ሌላውንም የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ደህናውን ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑና ማዶውን አዩ።

«ጉሙ ዛሬ አልተገፈፈም እንዴ?»

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አልተገፈፈም ልላቸው ቃጣኝ።

«ጉም የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከደህናው ዓይን ላይ አነሡ።