ያልተቆረጠው ክር

ትናንት ሎረንስቪል እህቴ ቤት ቁም ሣጥን ስከፍት፣ የወታደር ጃኬቷ አርማ ላይ የተንጠለጠለውን ብርቱካናማ ክር አየሁት። ወዲያው ካውያ ያረፈበት እርጥብ ጨርቅ ሸተተኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። የእህቴ የሪዘርቭ፣ የተጠባባቂ ጦር፣ መገናኛ ክፍል ለዘመቻ ሲጠራ፣ የክፍሉን አርማ ጃኬቷ ላይ ለማሰፋት ፓይን ሌክ ጋሼ ታፈሰ ጋ ሄድን። ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አገር ቤት ግን የጦር ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ።

«ትርጉሙ ምንድን ነው?» አሏት።

«ክፍሉ በድሮ ጦርነት የስልክ ሽቦ ይዘረጋ ነበር፤ ብርቱካናማውና ነጩ የመገናኛ ቀለም ነው። አርማው ላይ ያለው መብረቅ ደግሞ፣ ዩ ኖው፣ መልእክት ቶሎ ይደርሳል ማለት ነው።»

ካውያውን አስቀመጡ። «መድረሱንስ ይደርሳል። አንድ ልጅ ከግንባር እያወራኝ ‹አንዴ ጠብቀኝ› አለኝ። ሦስት ቀን ማዳመጫውን ከጆሮዬ አላወረድኩም።»

ሰፍተው ሲጨርሱ የክሩን ጫፍ ሳይቆርጡ ተዉት። «ስትመለሺ እቆርጠዋለሁ።»

እህቴ ሳቀች። «እንግዲያው ይጠብቁኝ!»

ጋሼ አልሳቁም።

እሷ በሰላም ተመለሰች። እሳቸው ግን ቀድመው አርፈው ነበር።

ትናንት መቀስ አንስቼ ወደ ክሩ ስጠጋ እህቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ። «ይጠብቁኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ።»