የእልፍነሽ አንቀልባ

አሰገደች ቃጫውን በውኃ ታረጥባለች፣ ሁለት ዘለላ ነጥላ ጭኗ ላይ ታስተኛለች፣ በመዳፏ ወደ ጉልበቷ ገፋ አድርጋ ታሾራለች። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ትገምዳለች። የእንሰት ቃጫ ደረቁን ከተገመደ ቶሎ ስለሚበጣጠስ፣ ውኃው ከአጠገቧ አይለይም። የምትገምደው ለመንደሩ ቃሬዛ ነው። የድሮው ገመድ በእድሩ ቤት እንደተሰቀለ አይጥ በልቶት ነበር።

ዘመኑ 1980 ዓ.ም. ነው። ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወጣው መንገድ ላይ ባለው በነአሰገደች መንደር ጎረምሳ የሚባል አልቀረም። ግማሹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፣ ግማሹ አፈሳውን ፈርቶ ቆላ ወርዷል። ቃሬዛ የሚሸከመው ደግሞ ጎረምሳ ነው። በመጋቢት አንዲት ወላድ ስምንት ተሸካሚ ታጥቶላት ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ሞተች። በቀብሯ ማግስት አሰገደች፣ ያቺ በስብሰባ ላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ በሴቶች ማኅበር መሐል እጇን አወጣችና፣ “እኛስ ትከሻ የለንም እንዴ?” አለች።

መጀመሪያ ወደ ጂንካ ጤና ጣቢያ የተሸከሙት ጋሽ ሻንቆን ነው። እግራቸው ቆስሎ አብጦ ነበር። ስምንት ሴቶች ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ግን ረጅሟና አጭሯ አልገጠሙም፤ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ቃሬዛው ዘመመና ሽማግሌው ወደ እግራቸው በኩል ተንሸራተቱ።

“እናንት ሴቶች! ቤቴ ልሙትበት፣ ገደል አትክተቱኝ!”

“ዝም ይበሉ ጋሼ፣ የሚጮህ ሬሳ ተሸክመን አናውቅም!” አለች የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጥሩብርሃን፣ እያለከለከች።

መንገዱን ሳያጋምሱ አስቀመጧቸው። የሁሉም ትከሻ ተልጦ ነበር። ይኼኔ ከስምንቱ አንዷ እልፍነሽ ወደ ፊት መጣች። እልፍነሽ ከመንገዱ በታች የምትኖር የአሪ ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንጨትና ቆጮ አዝላ ጂንካ ገበያ ስትወርድ የኖረች፣ ከወገቧ ሰፋ ያለች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ።

“ይሄ የወንድ አሸካከም ነው” አለች። “እኛ ጀርባ እያለን ትከሻ ምን ያደርግልናል?”

የልጅ ልጇን የምታዝልበትን፣ ወገቧ ላይ ባዶውን የታጠቀችውን አንቀልባ ፈታች። ሁለቱን ማሰሪያ ከአንዱ እንጨት ጫፍ ላይ ቋጠረችና ቆዳውን በጀርባዋ አዞረችው። ሌሎቹ ሦስት ጫፎችም በሴቶቹ ማዘያ ታሰሩ። አራት ሴቶች ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ ቃሬዛው ከዳሌያቸው እኩል ሆኖ፣ እንደ አልጋ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ስምንት ሰው ያልቻለውን አራት ቻለው፤ ሌሎቹ አራት እየተቀያየሩ ያርፋሉ። ጋሽ ሻንቆ ጂንካ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቃሬዛው ስም “የእልፍነሽ አንቀልባ” ሆነ።

ለሃያ ዓመት በመንደሩ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው “አሰገደችን ጥሯት” ነበር። ትልቁ ድስት የማን ቤት እንዳለ፣ ያልተቀደደ ብርድ ልብስ ያለው ማን እንደሆነ፣ የትኛዋ ሐዘንተኛ እህል የማይወርድላት እንደሆነች የምታውቀው እሷ ናት። አሁን “እልፍነሽን ጥሯት” ሆነ። ሰዉም እንደ ቀድሞው በፍርሃት አይታመምም። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ኤልሳቤጥ እንኳ፣ ባሏ የተወሰደባት ልጅ፣ “ግድ የለም፣ የእልፍነሽ አንቀልባ አለልኝ” እያለች ትስቅ ነበር። አሰገደች ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ደስታው ጉሮሮዋ ላይ ሲደርስ ግን ይመርራል።

ቅናት መሆኑን አላጣችውም። ለነፍስ አባቷ ልትናዘዝ አስባ ነበር። ምን ብላ ትንገራቸው? “ሰው በማዳኗ ቀናሁባት” ትበል? ተወችው።

ከሁሉ የባሰው ዜማው ነው። የነእልፍነሽ የጴንጤ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ እልፍነሽ ግን ስትሸከም መዝሙሩን በአሪኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታንጎራጉረዋለች። የሴቶቹ እግር ከዜማው ጋር ይገጥማል። የአሰገደችም እግር ይገጥማል። አንድ ቀን ሆን ብላ እርምጃዋን ብታዛባ በሽተኛው ተንገጫግጮ አቃሰተ። አፍራ ወደ ዜማው ተመለሰች።

በሐምሌ፣ ጥሩብርሃን በጭቃ ተለውሳ አሰገደች ቤት መጣች።

“ጂንካ ካለው የሴቶች ማኅበር ቢሮ መልእክት መጥቷል። የሴቶቹን ቃሬዛ የጀመረችውን ሴት ስም ይፈልጋሉ። አርባ ምንጭ ስብሰባ ላይ ልትሸለም ነው። አንቺ ጽፈሽ ዛሬውኑ ከሥራ መውጫ በፊት አድርሺ። ነገ ከሆነ አይቀበሉም።”

“ማን ብዬ ልጻፍ?”

“የጀመረችውን ነዋ! እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?” ብላ ወጣች።

አሰገደች ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። እርሳሱን በምራቋ አርጥባ፣ አንድ በአንድ፣ የገዛ ስሟን ጻፈች። ውሸት አልነበረም። በስብሰባው የተናገረችው እሷ ናት፣ ገመዱን የገመደችው እሷ ናት። ታዲያ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ስትከት ሰው አይቷት እንደሆነ ለምን ዞር ብላ እንዳየች አታውቅም።

መንገዱን ስታጋምስ ከኋላዋ ዜማው መጣ። እልፍነሽና ሌሎች ሦስት ሴቶች ምጥ የያዛትን ኤልሳቤጥን በቃሬዛው ይዘው እየወረዱ ነው። የቀሩት አረም ላይ ስለነበሩ የሚቀይራቸው የለም። ከአራቱ አንዷ ደግሞ ታነክሳለች።

“እትዬ! እግዜር ነው የላከዎት! የዳርጌ ሚስት አድጧት እግሯ ዞረባት፣ ይያዙልን!” አለች እልፍነሽ።

“ስትነሡ ለምን አልጠራችሁኝም?”

“ቤትዎ ልከን ጂንካ ወርደዋል አሉን።”

ልከው ነበር ማለት ነው። አሰገደች ሌላ ቃል ሳትጨምር ማዘያውን በጀርባዋ አዞረች። እግሯ ሳይጠየቅ ዜማውን ያዘ። ኤልሳቤጥ ምጧ በመጣ ቁጥር ያገኘችውን ቀሚስ ጨብጣ፣ “አትሂዱብኝ” ትላለች።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ነርሷ ልጅቱን አስገብታ በሩን ዘጋችው። በከተማው መሐል ካለው የአውሮፕላን ሜዳ ማዶ ወረቀቱ የሚደርስበት ቢሮ ይታያል። በሩ ክፍት ነው፣ ጸሐፊውም ደጃፉ ላይ ቆሟል።

“ጉዳይ ነበረዎት መሰለኝ” አለች እልፍነሽ፣ አግዳሚው ላይ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ። “ይሂዱ እንጂ፣ እኔ እጠብቃታለሁ።”

አሰገደች ቢሮውን አየች፣ እልፍነሽንም አየች። ይህ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ፊት የማን እንደሚሆን ታወቃት።

“ጠጋ በይ” አለች።

“ወዴት ልጠጋ? ሰፊ አይደለም እንዴ?”

“ወደዚያ። እኔ ከበሩ በኩል ነው የምቀመጠው።”

እልፍነሽ እየሳቀች ተጠጋችላት። ብዙ ቆይቶ ከውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሁለቱም እኩል ተነሡ። ነርሷ ብቅ ብላ፣ “አንድ ሰው ብቻ” ስትል፣ አሰገደች ቀድማ እግሯን ከበሩ አስገብታ ነበር።

ኤልሳቤጥ ላብ በላብ ሆና ተኝታለች። ሕፃኑ ጎኗ ነው። ዓይኗን ገለጠችና፣ “እልፍነሽስ?” አለች።

“ውጪ ናት” አለች አሰገደች፣ የሕፃኑን እግር በነጠላዋ ጫፍ እየሸፈነች። “እኔ አለሁልሽ።”

በመስኮቱ፣ ከሜዳው ማዶ፣ ጸሐፊው የቢሮውን በር ሲቆልፍ ይታያል። ቁልፉን ጎተት አድርጎ ሞከረው፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ሄደ። አሰገደች አየችው። ከልጅቱ አጠገብ ግን ንቅንቅ አላለችም።