ወደ ቀኝ የምትስበው መኪና

ቀኖ ከመቱ ከተማ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ ጎበዙ ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ እኔ ራሴ ስንቴ ቀድሜዋለሁ። በአፍ ግን የሚቀድመው አልተወለደም። ተሳፋሪ አኩርፎ ገብቶ እየሳቀ ይወርዳል። የሶርን ፏፏቴ ሊያይ የሚመጣ እንግዳም «ያ ቀልደኛው የታለ?» እያለ ከሁላችን መሀል እሱን ይመርጥ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ ዝናብ ያቀለጠው ቁልቁለት ላይ ባጃጇ ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ተገለበጠች። እሷ ተጠግና ቶሎ ሥራ ጀመረች። እሱን ግን ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው። ጅማ ሆስፒታል ድረስ ወሰድነው። አከርካሪው ነው፣ አይመለስም አሉን።

ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አልጋ ላይ። የሚተኛባት ክፍል ከግቢው ጀርባ ናት። ያለቻት አንዲት መስኮት የምታሳየው የጎረቤትን የጭቃ ግድግዳ ነው። «ስንጥቁን ሁሉ ለይቼዋለሁ፤ የቀረኝ ስም ማውጣት ብቻ ነው» ይለኛል። አንድ በጎ አድራጊ ተሽከርካሪ ወንበር ሰጥቶት ነበር፤ ግቢው ግን ጭቃና ቁልቁለት ነው። አንዴ ለሁለት ተሸክመን አወጣነውና ጀርባው ቆሰለ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሊገድለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግመን አልደፈርንም።

የምታነሳው የምትጥለው ታላቅ እህቱ ተጂቱ ናት። ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ጎኑ እንዳይቆስል ታገላብጠዋለች። ከዚያ ከግቢው በር ወጥታ በስተቀኝ ባለው አጥር ሥር ቲማቲምና ሽንኩርቷን ትዘረጋለች። ከሁሩሙ የመጣ አስተማሪ አግቢኝ ብሏት ነበር። «ወንድሜን ለማን ጥዬ?» አለችው። ሰውየው ጥቂት ጠበቀና ሌላ አገባ። ይህ ነገር ከተነሳ ቀኖ ቀልዱ ሁሉ ይጠፋዋል።

እጁ ግን ደህና ነው። ደረቱ ላይ ጣውላ አጋድሞ የሰፈሩን ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ይጠግናል፤ ክፍሉ ሁልጊዜ የመበየጃ ካውያ ይሸታል። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ፣

«ጅራታ፣ ልወጣ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ባጃጅ ተራ።»

አእምሮው የተነካ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኋላ አስረዳኝ። በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ይሠራል፤ አናቷ ላይ ስልክ ታስሮ ወደ እሱ ስልክ በቪዲዮ ይደወላል፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ እየነዳ መንገዱን ያያል። ተናደድኩ። ተስፋ የሚባል ነገር ያናድደኛል፤ ሲመጣ በከበሮ ነው፣ ሲሄድ ግን አይሰናበትም። «የሠላሳ አምስት ዓመት ሰውዬ አሻንጉሊት ልትጫወት?» አልኩት። ሳቀብኝና ዕቃ እንድፈልግለት አዘዘኝ። እኔም እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

ሱቅ ያለው የልጅ መጫወቻ ነው፤ የኛን ጭቃ አይችልም። ስለዚህ ከየቦታው ለቃቀምን። ሪሞቱ ከነተቀባዩ የእትዬ ጀሚላ የልጅ ልጅ ከሰባበረው መጫወቻ ወጣ። እትዬ ጀሚላ ከተጂቱ ጎን በርበሬ የሚሸጡ፣ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ እናት ናቸው። ሻንሲው የተሰበረ በርጩማ ብረት ነው። የፊት ጎማዎቹ ከሕፃን ጋሪ ተነቀሉ፤ የኋላዎቹ ከአሮጌ ሲሊፐር ተቆርጠው በከመነዳሪ ተጠቀለሉ። ባትሪው የሞተር ብስክሌት ነው። የግራው ሞተር የባጃጅ ዝናብ መጥረጊያ ያንቀሳቅስ የነበረ ነው፤ የቀኙ ከምን እንደወጣ ዛሬም አላውቅም።

«ሁለቱ እኮ አይመጣጠኑም» አልኩት።

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» አለኝ።

አልተመጣጠኑም። ግራው ጉልበተኛ፣ ቀኙ ሰነፍ ሆኖ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። ጎማ አወፈረ፣ የማርሽ ጥርስ ቀየረ፣ መሪዋን አጣመመ። ተሻላት እንጂ አልዳነችም። የሪሞቱ ኃይል ከክፍሉ በር አላልፍ ሲል ደግሞ የመዳብ ሽቦ በመስኮት አውጥቼ ጣሪያው ጫፍ ላይ ሰቀልኩለት። ክረምቱ በዚህ አለቀ። ቀኖ ግን ሌላ ሰው ሆኗል፤ ጢሙን ይላጫል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ሰው ያማል። ተጂቱ «ወንድሜ ተመለሰልኝ» ብላ ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። መኪናዋ የምትወጣበትን ቀን ግን አልነገርናትም። ባጃጅ ተራ ደርሶ ሲመለስ ራሱ ሊያበስራት ፈለገ።

ዝናቡ ባባራበት አንድ የመስከረም ጠዋት አሮጌ ስልኬን አናቷ ላይ አሰርኩና መኪናዋን ከደጃፉ አስቀመጥኳት። ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የራሱን ስልክ ሆዱ ላይ አቁሞ ሪሞቱን ጨበጠ።

«ዶሮ!» ብሎ ጮኸ፤ የአከራዩ ዶሮ እየሸሸች ነበር። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ስትወጣ ወደ ኋላ ተንጋለለች። «ሰማይ፣ ጅራታ! ሰማይ ነው!» የልጅነት ሳቁን ሳቀ። እኔም እንደ ሞኝ አብሬው ሳቅኩ። እየወደቅን እየተነሳን ከግቢው በር ወጣን። ባጃጅ ተራ በስተግራ ነው። ግራውን ተጫነ፤ ጭቃው አንሸራተታትና እሷ እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ሳበች። ደግሞ ተጫነ። አጥሩን ታክካ ሄደችና ከሽንኩርት ጆንያ ኋላ ቆመች። የተጂቱ ቀሚስ ጫፍና ጫማዋ ታዩን። ቀኖ ፈገግ ብሎ ሊጠራት አፉን ሲከፍት፣ የእትዬ ጀሚላ ድምፅ መጣ።

«ወንድምሽ እንዴት አደረ?»

«ምን ለውጥ አለው ብለው ነው፣ እትዬ» አለች ተጂቱ። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለሰው አይነገርም እንጂ፣ ስጸልይ ምን እንደምል ያውቃሉ? ዋቀዮ፣ ገላግለው እላለሁ። እሱንም ገላግለው፣ እኔንም።»

«ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም። አላህ ያውቃል።»

«ደከመኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ። እሱን ሳገላብጥ የኔም ወገብ ሞተ። ቤት ውስጥ ስስቅ እውላለሁ፤ የምተነፍሰው እዚህ ስወጣ ብቻ ነው።»

ቀኖን ማየት ፈራሁ። ስልኩን ልዘጋ እጄን ስሰድ እጄን ያዘኝ። ወዲያው መኪናዋን አዩዋት መሰለኝ፣ ጩኸት ሆነ። የተጂቱ ፊት ስልኩን ሞላው።

«ቀኖ ኮ! የኔ ቀኖ! ወጣህ! እልልልል!»

«ይሄ ነገር ይሰማል እንዴ?» አሉ እትዬ ጀሚላ።

የተጂቱ ፊት ባንድ ጊዜ አመድ ሆነ። «ቀኖ? ትሰማኛለህ?» አለች። እንደገና ጠራችው። ቀኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ እኔን አየኝ። ከዚያ ሪሞቱን ነካ ነካ አድርጎ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አወዛወዘላት፤ ሰላምታ ነው። «አይሰማም፣ ያያል ብቻ!» አለችና ሳቀች፤ ያን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ማታ ደግማ ስትጠይቀው የስልኩ ማይክ የሞተ ነው አላት።

ከዚያ በኋላ አልወጣም። እኔ ግትር ነኝ፤ መሳቧን አስተካክላታለሁ፣ በግራ እንሄዳለን ብዬ ነዘነዝኩት።

«በግራም ቢሆን በር ላይ እሷን ማለፌ አይቀርም» አለኝ። «የምትተነፍሰው እዚያ ብቻ ነው። እዚያም ልከተላት?»

«ታዲያ ንገራት! አብራችሁ አልቅሱ!»

«ምን ብዬ? ያለችው እኮ እውነት ነው።»

 ይህ ቃሉ እስካሁን ያበግነኛል።

ተጂቱ ግን ምኑን ታውቃለች? በየጠዋቱ ገላውን አጥባው ስትጨርስ «ዛሬስ አትወጣም?» ትለዋለች። ባትሪው ሞቷል አላት። ቲማቲሟን ለእትዬ ጀሚላ አደራ ሰጥታ ከተማውን ስትዞር ውላ አዲስ ባትሪ ይዛ መጣች። እጇን ሳመ። እያየችው አሰረው፤ ማሰር እንኳ አሰረው፣ ግን በጣቱ አንዲት ሽቦ ከሥር ሲነቅል እኔ አይቻለሁ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ለካ ሞተሩ ነው» አላት።

«እሱ ጎሬ ከተማ አይጠፋም» አለች ተጂቱ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሞተር ፍለጋ ወጣች።