አምላክን ወደ ኩሬው የሚመልሰው ሰው

በመንደራችን በማድሃብጉሪ ፋቲክን ለመስደብ የተነሳ ሰው ይከስራል። እኛ አፋችንን ሳንከፍት እሱ ራሱን ሰድቦ፣ ጨርሶ፣ ስቆ ይጠብቀናል። "ቁመቴን አይታችሁ አትሸወዱ፤ ቀርከሃ ነኝ፣ ውስጤ ባዶ ነው" ይላል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ድሮ ደረቱን ነፍቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ዞር እንዲልለት እየጠበቀ የሚሄድ ሰው ነበር።

ሥራው የቤተ መቅደሱን ኩሬ መጠበቅ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው። አምላካችን ቪሽኑ በአንድ ዘመን ኤሊ ሆኖ ተራራ በጀርባው ስለተሸከመ፣ በኩሬያችን የሚኖሩትን ጥቋቁር ኤሊዎች ማንም በክፉ አይነካቸውም። ከሩቅ አገር የሚመጡት ተሳላሚዎች ሙዝና ፈንዲሻ ሩዝ ይዘው ይሰለፋሉ። ግማሹን የቤተ መቅደሱ ጦጣዎች ከእጃቸው ይነጥቋቸዋል። በተረፈው ፋቲክ ጎንበስ ብሎ "ኣ፣ ኣ፣ ኣ" እያለ ሲጣራ ኤሊዎቹ ብቅ ብቅ ይላሉ። ይህን ግን አባቱም ያደርገው ነበር። ፋቲክን ስመ ጥር ያደረገው ሌላ ነገር ነው።

የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ የዘመን መለወጫችን የቢሁ በዓል ሲቃረብ፣ አንዷ ትልቅ ኤሊ ከውሃው ወጥታ በኩሬው አንድ ጎን ወዳለው የአበባ ቦታ መሳብ ጀመረች። እንግዲህ አምላኩ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ፋቲክ ኡኡታውን አቀለጠው።

"ኧረ ድረሱ! ተቆጥቶ ሊሄድብን ነው!"

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አበባ አንገቷ ላይ፣ ቀይ ዱቄት ጀርባዋ ላይ፣ ከበሮው ድም ድም፤ በባለ ቀይ ጥለት ነጭ ፎጣ ጠቅልለን፣ ይቅርታ እየለመንን፣ በአራት ሰው ተሸክመን ኩሬው ውስጥ መለስናት። መንገድ ላይ የፋቲክን የግራ አውራ ጣት ጫፍ ገመጠችው። ደሙ እየተንጠባጠበ "በረከት ነው!" አለ፤ እኛም አመንን። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ሸጋ ሆነ። አበቃ! ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኤሊ ትወጣለች፣ በየዓመቱ ፋቲክ ይመልሳል። አስራ ስምንት ጊዜ መለሰ። ተሳላሚዎች ያንን ቀን እየጠበቁ መምጣት ጀመሩ፤ አሮጊቶች ያቺን ጎማዳ ጣት ግንባራቸው ላይ አስነክተው ይሄዱ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ሚስቱ ሬባቲ፣ አራት የወለደችው፣ "የማይና አባት፣ ይቺ ፍጥረት የተቆጣች አትመስለኝም። ያመማት ነው የምትመስለው" አለችው።

"አንቺ ስለ አምላክ ምን ታውቂያለሽ?" አላት። ዛሬ ይህን መልሱን ሲያወራ ግንባሩን በመዳፉ ይጠፈጥፋል።

ባለፈው ክረምት ጁንሞኒ የምትባል ልጅ ከከተማ መጣች፤ ስለ ኤሊ የተማረች ናት። ወር ሙሉ ኩሬው ዳር ተቀምጣ ስትቆጥር ከርማ አንድ ማለዳ ጠየቀችው።

"ጋሼ ፋቲክ፣ ትንንሾቹ የታሉ?"

"የምን ትንንሾች?"

"የኤሊዎቹ ልጆች ነዋ! አስራ ሁለት ነው ያገኘሁት፣ አስራ ሁለቱም ያረጁ። የኩሬውን ሦስት ጎን በሲሚንቶ ዘግታችሁታል። ለመሆኑ ወደ አበባው ቦታ የምትወጣ አይታችሁ አታውቁም?"

ፋቲክ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ነው። አስራ ስምንቱንም ጊዜ እንዴት እንደመለሰ አንድ በአንድ ተረከላት፣ ጣቱንም አሳያት። ልጅቷ ግን አልተደነቀችም። ፊቷ ጠቆረ።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ፣ "ኤሊ እንቁላሏን የምትጥለው ደረቅ አፈር ቆፍራ ነው። ውሃ ውስጥ ከጣለችው ይበሰብሳል፣ ዓሣም ይበላዋል። ልትሄድባችሁ አልነበረም። እንቁላል ልትጥል ነበር።"

ፋቲክ ክው አለ። ቤቱ ገብቶ ለሬባቲ ነገራት። "ብዬህ ነበር" ብትለው በተሻለው፤ እሷ ግን ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

"ዘንድሮ የምትወጣውን ተዋታ" አለች በመጨረሻ።

"እኔስ እተዋታለሁ፤ ሕዝቡስ? ተሸከሙ ብዬ ያስተማርኩት እኔው!"

የቢሁ ዋዜማ ጠዋት፣ ግቢው በተሳላሚ ጢም ብሎ ሳለ፣ ኤሊዋ ወጣች።

"ፋቲክ! ወጣ! ጌታችን ወጣ!" ብሎ ሎክናት ጮኸ። ሎክናት የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በበዓል ግን ከበሮ ከእጁ አይጠፋም። አበባው ተይዟል፣ ፎጣው ተዘርግቷል። ፋቲክ ሮጦ መሃል ገባና እጆቹን ዘረጋ።

"እንዳትነኳት!"

"ምን ነካህ? እየሄደብን እኮ ነው!"

ፋቲክ ለዚህ ቀን ስንት ጥቅስ ሲያጠና ከርሞ ነበር። ሁሉም ብን ብሎ ጠፋበት።

"ስሙኝ" አለ፣ "እኔ ደደብ ነኝ።"

"እሱንማ እናውቃለን፤ ዞር በል!" አለ ሎክናት። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

"አታውቁም! ምን ያህል ደደብ እንደሆንኩ አታውቁም! ምጥ ነው የያዛት። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የምታምጥ እናት በከበሮ እያጀብኩ ውሃ ውስጥ ስጥል ኖሬአለሁ። ጣቴን የነከሰችኝ ልትባርከኝ መሰላችሁ? እንኳን ነከሰችኝ! እጄን በቆረጠችው!"

ወንዶቹ ግን ፎጣውን አልለቀቁም፤ "ዕድሜ ተጫጭኖታል" ያለም ነበር። ይኼኔ ሬባቲ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣች። የቀሚሷን መጎናጸፊያ ፈትታ እንደ መጋረጃ ዘረጋችና፣

"ወንዶች ፊታችሁን አዙሩ! ሴት ልጅ ስትወልድ ቆማችሁ ልታዩ ነው?" ብላ ጮኸች።

አንዷ አሮጊት ተከተለቻት። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የማናውቃቸው ተሳላሚ ሴቶች ሁሉ ጀርባቸውን ለኤሊዋ ሰጥተው ክብ ሠሩ። ፋቲክ አጮልቆ ሊያይ ሲል ሬባቲ "አንተም!" አለችው። እናም የኩሬው ጠባቂ ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። ከወንድ ወገን ያዩት ጣራው ላይ ያሉት ጦጣዎች ብቻ ናቸው። እኛ የሰማነው አፈር ሲጫር ነው። ፀሐይዋ ከረረች፤ ማንም ንቅንቅ አላለም።

"አስራ አራት" አለች አንገቷን አዙራ እንቁላሎቹን ስትቆጥር የቆየችው ሬባቲ በመጨረሻ፣ እያለቀሰች።

ኤሊዋ አፈሩን በእግሯ መልሳ ሸፈነችውና በእግሮቻችን መሃል አልፋ ወደ ውሃው ወረደች። ማንም አልተሸከማትም።

ፋቲክ ውሃውን እስኪረጋ ድረስ አየው። ከዚያ ጣቶቹን እያጠፈ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ተሳሳተ።

"ሎክናት" አለ፣ "አስራ አራት፣ አስራ ስምንት ጊዜ ስንት ይመጣል?"

የሒሳብ አስተማሪው ከበሮውን ከትከሻው አወረደ።

"እኔ እንጃ" አለው።